ዋንጫው የቡ ያደረበት እሑድ

ወደ ጅማ የሄድኩት ኳስ ወዳድ ስለሆንኩ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግዬ በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ በቴሌቪዥን እንኳ አንድ ጨዋታ ከመነሻው እስከ መድረሻው አይቼ አላውቅም። ለጉዞ ያበቃኝ የሌሎች ሰዎች አለመተማመን ነው። በጅማ የሚገኙ ሁለት ኮሌጆች፣ አንዱ ግብርና ሌላው ጤና የሚያስተምሩ፣ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮሌጆች እግር ኳስ ፍጻሜ ደረሱ። ለክብሩ አዲስ ስለነበሩ ሁሉን ነገር ይጠረጥራሉ፤ ዳኛውን፣ ሜዳውን፣ ኳሱ ውስጥ የተሞላውን አየር ሳይቀር። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ታዛቢ በጅማና በአካባቢዋ ዘመድም፣ መሬትም፣ ቂምም የሌለው ሰው ይሁን አሉ።

የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ግርማ ይባላል። ከብዙ ዓመት በፊት በእኔ ሥር ጀማሪ የመዝገብ ሠራተኛ ነበር። ደብረ ብርሃን ድረስ ስልክ ደውሎ፣ «ጋሽ አሰፋ፣ እኔ የማውቀው ዘመድ የሌለው ሰው እርስዎን ብቻ ነው» አለኝ። በጅማ ማለቱ እንደሆነ ባለቤቴ እስክታስረዳኝ ድረስ ቅር ብሎኝ ነበር።

ከመጋበዣው ደብዳቤ ጋር የውድድሩን ደንብ ላከልኝ። አንቀጽ ስድስትን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። «የፍጻሜው ጨዋታ በዕለቱ ካልተጠናቀቀ ዋንጫው ባለፈው ዓመት አሸናፊ እጅ ይቆያል» ይላል። ያለፈው ዓመት አሸናፊ፣ የካቻምናውም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም አንድ የንግድ ኮሌጅ ነው። ዋንጫው እዚያ ከመክረሙ የተነሣ የኮሌጁ ዲን እስክሪብቶ ይሰኩበታል ተብሎ ይወራ ነበር።

ሐሙስ። ከደብረ ብርሃን ስነሣ ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነበር። ወፍራሙን ካፖርቴን ለበስኩ። ባለቤቴ ለግርማ ቤተሰብ ስጦታ ብላ አንድ ጥቅል ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። መናኸሪያ የደረስኩት አውቶቡሱ ሊነሣ ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ ይገባኛል። የእጅ ሰዓቴ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይሄዳል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ቢሮ አንድም ቀን እንዳላረፍድ በተቀጠርኩበት ሳምንት ራሴ ያስቀደምኩት ነው። ጡረታ ስወጣም ወደ ቦታው ለመመለስ ልቤ እሺ አላለኝም።

አዲስ አበባ ማምሻውን ገባሁ። ግርማ፣ «መርካቶ እቀበልዎታለሁ» ስላለኝ መርካቶ ወርጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ሻንጣዬን በሁለት እግሬ መካከል አጥብቄ ይዤ ጠበቅሁት። በመጨረሻ ደወልኩ።

«የት ነህ አንተ ሰው?»

«መርካቶ ነኝ እንጂ!»

«እኔም መርካቶ ነኝ!»

«ጋሼ፣» አለ ግርማ፣ «የእኛው መርካቶ ጅማ ነው ያለው። ደግሞ የተባባልነው ለነገ ነበር፤ እኔ የመጣሁት ሽንኩርት ልገዛ ነው።»

ጅማም መርካቶ እንዳላት በዚህ ሁኔታ ተረዳሁ። አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ይዤ አደርኩ። አልጋው ንጹሕ ነበር፤ በሩ ግን ከውስጥ የሚዘጋው በወንበር ነው።

ዓርብ። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ወሊሶ ላይ ቁርስ በላን፤ የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር በያይነቱ አዘዝኩ። ከወልቂጤ አልፈን ወደ ጊቤ በረሃ ስንወርድ በካፖርቴ ውስጥ መቀቀል ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የሰኮሩ ሴት እያዘኑ ሲያዩኝ ቆይተው፣ «አሞዎታል እንዴ አባቴ?» አሉኝ። ደብረ ብርሃን በረዶ እንዳለ አስረዳኋቸው። «እዚያ ላለው በረዶ እዚህ ካፖርት?» አሉና ራሳቸው አወለቁልኝ፤ እስኪወርዱም ጭናቸው ላይ አጥፈው ያዙልኝ። በእኛ አገር ሰው ካፖርትህን የሚይዝልህ ቤቱ ስትገባ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን አውቶቡሱ ራሱ እንደ ቤት ይቆጠራል።

ግርማ በጅማው መርካቶ፣ በእህል በረንዳውና በጨርቅ ሱቆቹ መካከል፣ ቃሉን አክብሮ ቆሞ ነበር። ጀማል የሚባል ባለ ባጃጅ ይዞ መጥቷል። ጀማል ቀጭን፣ ፈጣን፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የሚያወራ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ወላሂ እርስዎን እየጠበቀ ከተማው በሙሉ ተጨንቋል! ለመሆኑ የማን ደጋፊ ነዎት?»

«የማንም። ታዛቢ ነኝ።»

«ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ! ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ።»

«የደንቡ ደጋፊ ነኝ።»

ጀማል ወደ ግርማ ዞሮ፣ «ይሄ ሰውዬ አደገኛ ነው» አለ።

ጊንጆ ሠፈር የሚገኘው የግርማ ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ፍሬው ሲወድቅ ቆርቆሮው ላይ ነውና ሌሊቱን ሙሉ ደንጋይ የሚወረወርብኝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቱ ወይዘሮ ጽጌ በደስታ ተቀበለችኝ። ስጦታውን ሰጠኋት። ጥቅሉ ሲፈታ የወጣው ሁለት ኪሎ ቡና ነው። ለጅማ ሰው ቡና! ጽጌ አልሳቀችም፤ ጨዋ ናት። ፍሬውን በመዳፏ ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፤ አሸተተችውም።

«ጋሼ፣ ይሄ የዚሁ የማና ወረዳ ቡና ነው» አለች። «ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ ሰላም መመለሱ ደግ ነው።» ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ስትስቅ ሰማኋት።

ቅዳሜ። የሁለቱን ኮሌጆች ተወካዮች አነጋገርኩ። በጅማ የነበረው ሜዳ እድሳት ላይ ስለሆነ ጨዋታው የቡ አጠገብ ባለ ሜዳ እንዲደረግ ተወስኗል። የቡ በአጋሮ መንገድ የምትገኝ የቡና አምራቾች ከተማ ናት። ዝናብ ቢመጣስ ብዬ ጠየቅሁ።

«በኅዳር?» አለ ግርማ። «ጋሼ፣ በኅዳር እዚህ አይዘንብም።»

ይህንን በማስታወሻዬ ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት። የመዝገብ ሥራ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው በሙሉ እርግጠኝነት የተናገረውን ከነስሙ መያዝ ነው።

እሑድ። ከቅዳሴ መልስ በጀማል ባጃጅ አራት ሆነን ተጓዝን፤ አራተኛው የማዕዘን ባንዲራዎች እቅፍ ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን በጥርጊያ መንገድ ጥቂት እንደሄድን ሜዳው ታየ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የስፖርት ሜዳ አላየሁም። ዙሪያውን በሙሉ ቡና ከብቦታል። ጊዜው ለቀማ ነውና ቀዩ እሸት ቡና ረዣዥም የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ተሰጥቷል። አልጋ ያልበቃው ደግሞ በሸራ ላይ፣ እስከ ሜዳው መስመር ድረስ ተዘርግቷል። በእኛ አገር በአውድማ ዳር ኳስ የሚጫወት ሰው ዱላ ይጠብቀዋል።

የቡናው ባለቤትና የሜዳው ጎረቤት አባ ዱራ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከባለቤታቸው ከአዴ ከድጃ ጋር በሩ ላይ ተቀበሉን። ለግቡ መረብ ስላልነበረ አዴ ከድጃ ከአንዱ የማድረቂያ አልጋ ላይ ወንፊቱን ፈትተው አበደሩ። አባ ዱራ ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን አምበሎች ጠርተው የአካባቢውን ሕግ አስታወቁ።

«ኳስ ቡና ውስጥ ከገባች፣ የመታት ልጅ የፈሰሰውን ለቅሞ ይጨርሳል። ከዚያ ኳስ ይወስዳል። ሌላ ሰው አይለቅምለትም።»

ዳኛው ይህ በደንቡ የለም ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔም በደንቡ አለመከልከሉን አረጋገጥኩ።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ደቂቃ የግብርናው ኮሌጅ አጥቂ ወደ ግብ የመታት ኳስ ከአግዳሚው በላይ አልፋ አልጋ ላይ አረፈች። አጥቂው ሩብ ሰዓት ያህል ተንበርክኮ ሲለቅም ቡድኑ በዐሥር ሰው ተጫወተ። አዴ ከድጃ ከራሱ በላይ ቆመው፣ «እዚያ ጋ አንድ ቀርታለች። ግብርና ነው የምትማረው አሉኝ?» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ማንም ከርቀት ለመምታት አልደፈረም። ሁለቱም ቡድኖች ኳሷን እንደ እንቁላል በእግራቸው እየያዙ እስከ ግቡ አፍ ይወስዳሉ፤ እዚያ ሲደርሱ ይፈራሉ።

ጀማል ጸጉሩን ይዞ፣ «ምታት! ምታትና ልቀም!» እያለ ይጮኻል።

መደበኛው ጊዜ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። በደንቡ መሠረት ጭማሪ ሰዓት የለም፤ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ተገባ። ለእያንዳንዱ ቡድን አምስት ምት ነው። አራት አራት ሲመቱ ሁለቱም ሦስት ሦስት አገቡ። አንድ አንድ ምት ቀረ። ለዋንጫው ሁለት እርምጃ ሲቀር ማለት ነው። የንግድ ኮሌጁ ተወካይ አቶ ፈለቀ፣ ዋንጫውን በፌስታል ይዘው ለማስረከብ የመጡት ሰው፣ በሐዘን ፌስታሉን መፍታት ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ ከኮረብታው በኩል አንድ ሴት ጮኸች። «ሮብኒ ዱፌ!»

ዝናብ መጣ ማለት ነው። ቀና ብል ሰማዩ ጠቁሯል። ከዚያ የሆነውን በትክክል ለመመዝገብ ያህል፦ ለመምታት ኳሱ ፊት ቆሞ የነበረው ተጫዋች ኳሱን ትቶ ሮጠ። ግብ ጠባቂው ሮጠ። ደጋፊው ሁሉ ሮጠ። ዳኛው ፊሽካውን ሁለት ጊዜ ነፋ፤ ሰሚ ሲያጣ እሱም ሮጠ። ወዴት እንደሆነ ለማየት ስዞር ሁሉም አልጋው ላይ ናቸው፤ ሸራ የሚጎትተው፣ ጆንያ የሚይዘው፣ በእጁ የሚዝቀው። የደረቀ ቡና ዝናብ ከነካው የዓመት ልፋት ይሻግታል። በዚያ አገር በዚያ ሰዓት ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፤ ታዛቢም ቢሆን። ማስታወሻዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ አንድ ጆንያ አፉን ከፍቼ ያዝኩ።

አቶ ፈለቀ ብቻ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቀሩ። አዴ ከድጃ በዓይናቸው መዛቂያ ዕቃ ሲፈልጉ የሚያብረቀርቀውን ነገር አዩ።

«አምጣ ይሄን!»

«እናቴ፣ ይሄኮ ዋንጫ ነው!»

«ዋንጫ ለምንድን ነው ታዲያ?» ብለው ነጠቋቸው። በዚያ ዋንጫ ቡናው ሲዛቅ በዓይኔ አየሁ። ለሦስት ዓመት እስክሪብቶ ከያዘ ዕቃ እንዲህ ያለ አገልግሎት አልጠበቅሁም ነበር። ሁለቱ አምበሎች አንድ ሸራ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲሮጡ ሳይም፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጋገራቸውን መዘገብኩ።

ቡናው ተረፈ። እኛ ግን በሰበስን። ዝናቡ ሳያባራ ጨለመ፤ መንገዱም ጭቃ ሆነ። የተጫዋቾቹ አውቶቡሶች፣ የጀማል ባጃጅ፣ የአቶ ፈለቀ ፒክአፕም አልንቀሳቀስ አሉ። አባ ዱራ፣ «የት ትሄዳላችሁ? ቤት አለ» አሉ። እንዳይጣሉ በሁለት አውቶቡስ የመጡት ቡድኖች በአንድ መጋዘን፣ በአንድ የቡና ጆንያ ክምር ላይ ጎን ለጎን ተኙ።

ልብሴ ስለረጠበ አባ ዱራ የራሳቸውን ሽርጥ ሰጡኝ። ከወገቤ በላይ የደብረ ብርሃን ካፖርት፣ ከወገቤ በታች የጅማ ሽርጥ ሆኜ ለእራት ቀረብኩ። አዴ ከድጃ ዶሮ ሠርተው ነበር። መጾሜን ስነግራቸው ደንግጠው ትሪውን መለሱ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ፣ ማርና አቮካዶ ይዘው ተመለሱ። «በሌላ ድስት ነው የቀቀልኩት፤ ዶሮው አልነካውም» አሉኝ። ሳልጠይቃቸው ይህን ማሰባቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። በእኛ አገር ጎደሬ የለም፤ ባይኖርም ከዚያ ምሽት ወዲህ ድንችን በሙሉ ልብ መብላት አልቻልኩም።

እራት ላይ አቶ ፈለቀ ዋንጫቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው አንቀጽ ስድስትን ጠቀሱ። «በዕለቱ አልተጠናቀቀም። ነገ ጠዋት መንገዱ ሲደርቅ ይዤው እመለሳለሁ።»

የጤና ኮሌጁ ግብ ጠባቂ አማኑኤል፣ ከወላይታ የመጣ ረጅም ልጅ፣ ጎደሬውን እንደያዘ ቀረ። ግርማም ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ በኅዳር አይዘንብም ያልኩትን ጽፈውታል?»

«ከነስምህ» አልኩት። ከዚያ ወደ አቶ ፈለቀ ዞርኩ። «ዕለቱ የሚያልቀው መቼ ነው?»

«ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ስልኬ ያን ጊዜ ሰኞ ይላል።»

«የኮሌጃችሁ ጥበቃ ሠራተኛ እሑድ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጥሎ ቢጠፋ፣ የየትኛው ቀን ቀሪ ነው የምትሉት?»

«የእሑድ!» አሉ ሳያስቡ። ወዲያው አፋቸውን ያዙ። መጋዘኑ ድረስ የተሰማ ሳቅ ሆነ።

እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎቴ የጥበቃ ተረኞችን መዝገብ የያዝኩት ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በአንድ ቀን ስም ነው፤ አንድም ኦዲተር አልተቃወመውም። ስለዚህ ጨዋታው ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ከተጠናቀቀ በዕለቱ እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል ብዬ ወሰንኩ። አቶ ፈለቀ ሲያቅማሙ ቆይተው፣ «አንድ ደቂቃ ቢያልፍ ግን የእኔ ነው» አሉ። ይህም ተመዘገበ።

ንጋት። ዝናቡ ያቆመው ሊነጋጋ ሲል ነው። የግብርና ተማሪዎች በሚያውቁት ሙያ ገብተው ከግቡ አፍ ውኃውን በቦይ አፈሰሱት። ከሱብሂ ሶላት የወጡት ሰዎች በቀጥታ ወደ ሜዳው መጡ። ገና ጨለማ ነበርና ጀማል ባልደረቦቹን በስልክ ቀስቅሶ ከየቡ አምስት ባጃጅ ጭቃውን በሰው እያስገፋ አስመጣ፤ የእሱ ስድስተኛ ሆነ። መብራታቸውን ወደ ግቡ አዞሩ። እኔ በካፖርትና በሽርጥ፣ ሰዓቴን ይዤ መሐል ቆምኩ።

የግብርናው አምስተኛ መቺ ወደ ላይ ላካት፤ ከልማድ ይሁን ከፍርሃት ሮጦ ቡና መልቀም ጀመረ፤ ቡናው ግን መጋዘን ነበር። የጤናው አምስተኛ መቺ ምሰሶ መታ። አሁንም ሦስት ለሦስት። የግብርናው ስድስተኛ መቺ ኳሷን ሲያስተካክል፣ ጭቃ ሲጠርግ፣ እንደገና ሲያስተካክል ደቂቃው ሄደ። በመጨረሻ መታት፤ አማኑኤል በሆዱ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በጣቱ ጫፍ አወጣት።

የጤናው ኮሌጅ ስድስተኛ መቺ ጠፋ። ማታ የጎተተው ሸራ ጠልፎት ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ኖሯል። ማን ይምታ ሲባል አማኑኤል ራሱ እየተነሣ፣ «እኔ ልምታ» አለ።

አቶ ፈለቀ ወደ ሰዓቴ ጎንበስ አሉ። «ዐሥራ ሁለት ሰዓት! ሆነ! አለቀ!» ብለው ዋንጫውን ታቀፉ።

እውነትም ሰዓቴ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ይል ነበር። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ግርማ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከዚያ ግን ቀስ ብሎ ቀና አለ። በእኔ ሥር ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነውና ያውቃል።

«ሰዓቴ» አልኩ፣ «ከተቀጠርኩ ጀምሮ አምስት ደቂቃ ይቀድማል። አሁን ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ነው።»

«ይሄን አሁን ነው የሚነግሩን?»

«የጠየቀኝ የለም። ስልክዎን ይመልከቱ፤ ማታ ያመኑት እሱን ነው።»

አቶ ፈለቀ ስልካቸውን አወጡ፤ አዩትና ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«ማሎ፣ ምታት!» አለ ጀማል ከባጃጁ።

አማኑኤል በጭቃ ተለውሶ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሦስት እርምጃ ሮጠ፤ አንሸራተተው፤ እየወደቀ መታት። ኳሷ ቀስ ብላ፣ በባጃጆቹ ብርሃን ውስጥ ጥላዋን እየጎተተች ሄዳ፣ የአዴ ከድጃ ወንፊት ውስጥ ገባች።

ጩኸቱን ልገልጸው አልችልም። የግብርናው አምበል ለጥቂት ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ማታ ሸራ አብሮት ወደ ያዘው አምበል ሄደና እጁን ጨበጠው። «እኛ ግን ለቡናው ቀድመን ደርሰንለታል» አለው። ያኛውም አልካደም። አቶ ፈለቀ ዋንጫውን ሊያስረክቡ ሲያነሡ ውስጡ ተንኮሻኮሸ። አዴ ከድጃ ቀድመው ደርሰው አፉን ወደ መቀነታቸው ደፉት፤ ማታ የቀረች አንድ እፍኝ ቡና ወረደች። «አሁን ስጥ» አሉ።

ቃለ ጉባኤውን አባ ዱራ ደጃፍ፣ በተገለበጠ የቡና መስፈሪያ ላይ ጻፍኩት፤ ሁለቱም አምበሎች፣ ግርማና አቶ ፈለቀ ፈረሙበት። አቶ ፈለቀ የእጅ ጽሕፈቴን አድንቀዋል። ስጨርስ ፀሐይ ወጣች፤ ያን ጊዜ ሰኞ ሆነ። የመጨረሻዎቹን መስመሮች እንዳሉ አስቀምጣለሁ፦

«የፍጻሜው ጨዋታ በመደበኛው ጊዜ ዜሮ ለዜሮ ተጠናቆ፣ በመለያ ምት የጤና ኮሌጁ የግብርና ኮሌጁን አራት ለሦስት አሸንፎ የዋንጫው ባለቤት ሆኗል። ጨዋታው በዕለቱ ተጠናቋል። እሑድ፣ ኅዳር 23 ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ57 ደቂቃ።»